ከመዝገብ ማውጣትና ዕቃ ማቀበል፦ የአምስት ክፍት የጃቫ ላይብረሪዎች የታሪክ ንጽጽር

መግቢያ

በዛሬው ዘመን አንድ ባንክ የደንበኛውን ሒሳብ ሲያሳይ፣ አንድ ሆስፒታል የበሽተኛውን ካርድ ሲፈልግ፣ አንድ ኮሌጅ የተማሪውን ውጤት ሲያትም፣ ከመስኮቱ በስተጀርባ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሁለት ሥራዎች ይሠራሉ። የመጀመሪያው፣ ከመረጃ ቋት፣ ማለት ከዳታቤዝ፣ የተፈለገውን አውጥቶ ፕሮግራሙ ሊሠራበት በሚችል መልክ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ለሥራው የሚያስፈልጉትን ሌሎች ክፍሎች በጊዜውና በቦታው እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ባለሙያዎቹ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአጭሩ «ማቀበል» እንለዋለን፤ ሥራውን የሚሠራውንም ላይብረሪ «አቀባይ» እንለዋለን።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች በየፕሮግራሙ የሚደጋገሙ ስለሆኑ፣ ማንም ፕሮግራም ጸሐፊ በየጊዜው ከሥር ጀምሮ ሊሠራቸው አይገባም። ስለዚህ ሌሎች አስቀድመው የጻፉትን፣ የተፈተነና የተሰናዳ የኮድ ስብስብ ይወስዳል፤ ይህም ስብስብ ላይብረሪ ይባላል። ላይብረሪው ኦፕን ሶርስ፣ ማለት ምንጩ ክፍት ሲሆን፣ ማንም ሰው ኮዱን ሊያነበው፣ ሊያርመው፣ ያረመውንም ለሌላ ሊሰጥ በፈቃድ ውሉ ተፈቅዶለታል።

የኛ ዓላማ ከ2001 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በጃቫ ቋንቋ የተነሡትን አምስት ክፍት ላይብረሪዎች፣ ይኸውም ሃይበርኔትን፣ አይባቲስን፣ ስፕሪንግን፣ ፒኮ ኮንቴነርንና ጁስን በታሪካቸው ማነጻጸር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የትኛው ይፈጥናል በሚለው ላይ አንቆይም፤ የፍጥነት ልክ በየዓመቱ የሚለወጥ ነገር ነውና። የምንጠይቀው ሌላ ነው። በነዚያ ዓመታት ሁለት ክርክሮች ተነሥተው ነበር፤ አንዱ ስለ መረጃ ቋት፣ አንዱ ስለ ማቀበል። ስለ ማቀበል የተነሣው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በስምምነት አለቀ። ስለ መረጃ ቋት የተነሣው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ሁለቱም በአንድ ዘመንና በአንድ ቋንቋ የተጀመሩ ሆነው ሳለ ፍጻሜያቸው ለምን ተለያየ? ይህን መረዳት የሚጠቅመው ታሪክ ለማወቅ ብቻ አይደለም። ነገ ላይብረሪ መርጦ አንድን መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመት በምርጫው የሚያስር ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ሀ. ሠንጠረዥና ኦብጀክት

ለጉዳያችን መነሻ የሚሆነው 1970 ነው። በዚያ ዓመት በአይቢኤም ኩባንያ በሳን ሆዜ የምርምር ክፍል ይሠሩ የነበሩት እንግሊዝ አገር የተወለዱት ዶክተር ኤድጋር ኮድ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳባቸው ባጭሩ፣ መረጃ ሁሉ በረድፍና በዓምድ በተከፈለ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ጠያቂውም የሚፈልገውን ይናገር እንጂ በየት በኩል ተሄዶ እንደሚገኝ አይናገር፤ መንገዱን መፈለግ የመረጃ ቋቱ ፋንታ ይሁን የሚል ነበር። በ1974 በዚያው ኩባንያ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ይህን ሐሳብ ወደ መጠየቂያ ቋንቋ ለወጡት፤ ይኸውም ዛሬ ኤስኪውኤል የሚባለው ነው። በ1986 በአሜሪካ የደረጃ ደንብ ሆኖ ጸደቀ።

ጃቫ ደግሞ በ1995 በሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ለሕዝብ የቀረበ ቋንቋ ነው። በጃቫ የሚጻፍ ፕሮግራም የሚሠራው በኦብጀክት ነው፤ ኦብጀክት ማለት መረጃንና በመረጃው የሚሠራውን ሥራ ባንድነት የያዘ የፕሮግራም አካል ነው። አንድ የተማሪ ኦብጀክት የኮሌጁን ኦብጀክት ይይዛል፤ ኮሌጁም የመምህራኑን፤ ፕሮግራሙም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ይሄዳል።

ሁለቱ ዓለማት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በኦብጀክት ዓለም መንገዱ ቤት ለቤት ነው፤ አንዱን በር ከፍቶ ወደሚቀጥለው መሻገር። ሠንጠረዥ ግን እንዲህ ሲጠየቅ ይደክማል፤ ባሕርዩ በአንድ ጥያቄ ብዙ ረድፍ ባንድ ጊዜ መስጠት ነውና። እንደዚሁም በኦብጀክት ዓለም ሁለት ኦብጀክቶች ይዘታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሠንጠረዥ ግን መለያ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ረድፉም አንድ ነው። ኦብጀክት ከሌላው ኦብጀክት ዓይነት ጠባይ ይወርሳል፤ ሠንጠረዥ ግን በመሠረቱ መውረስን አያውቅም። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሰው ሥራው እንደ ገልባጭ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ አስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚም ሁልጊዜ አንድ ነገር ትቶ አንድ ነገር ለመጨመር ይገደዳል።

በ1997 ጄዲቢሲ የተባለው የጃቫ መገናኛ ወጣ። ጄዲቢሲ ፕሮግራሙን ከመረጃ ቋቱ ጋር ያገናኛል እንጂ አያስተረጉምም። ጸሐፊው መሥመር ይከፍታል፤ ጥያቄውን ይጽፋል፤ የመጣውን መልስ ዓምድ በዓምድ እያነበበ ወደ ኦብጀክት ይገለብጣል፤ በመጨረሻም ስሕተት ቢፈጠር ባይፈጠር መሥመሩን መዝጋት አለበት። መዝጋቱን የረሳ እንደሆነ የተከፈቱት መሥመሮች እየተከማቹ ከጊዜ በኋላ ሥራው ሁሉ ይቆማል። አንዲት አጭር ጥያቄ ለመጠየቅ ሃያና ሠላሳ መሥመር ኮድ መጻፍ የተለመደ ነበር።

ለ. በደንብ የታዘዘው መንገድ

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከላይ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1998 ኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢንስ፣ ባጭሩ ኢጄቢ፣ የተባለውን ደንብ አወጣ። ደንቡ በ2001 ሁለተኛ ዕትሙ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ የሠንጠረዥ ረድፍ «ኢንቲቲ ቢን» በሚባል ኦብጀክት እንዲወከል፣ ኦብጀክቱንም አንድ ትልቅ ሰርቨር እንዲያስተዳድረው ያዝዝ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ጸሐፊው ስለ መሥመር መክፈትና መዝጋት አያስብም።

ነገር ግን ዋጋው ከበደ። አንድ ኢንቲቲ ቢን ለመሥራት ዋናውን ክፍል፣ ወደ እርሱ የሚያስገባውን በር፣ የሚወለድበትንና የሚፈለግበትን ሌላ በር፣ ከዚያም በላይ ይህን ሁሉ የሚዘረዝር የኤክስኤምኤል ፋይል መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ሙከራ ላይ ነበር። ጸሐፊው አንዲት ትንሽ ስሌት ትክክል መሆኗን ለማየት ቢፈልግ፣ መላውን ሰርቨር ማስነሣትና ሥራውን በውስጡ መጫን ነበረበት። በቀን ሃምሳ ጊዜ መሞከር የሚገባው ሥራ በቀን አምስት ጊዜ ሲሞከር፣ ስሕተት ተደብቆ እንደሚቀር ግልጽ ነው።

በታሪክ ዓይን ስናየው፣ የኢጄቢ ዋና ጉድለት የጻፉት ሰዎች እውቀት ማነስ አይደለም። ደንቡ ከልምድ አስቀድሞ መጻፉ ነው። በቂ ሥራ ተሠርቶበት መልካምነቱ የታየ ነገር ደንብ ሊሆን ይገባው ነበር፤ እዚህ ግን ደንቡ ቀደመ፣ ሥራው ተከተለ። ቀጥለን የምናያቸው ላይብረሪዎች ይህን ቅደም ተከተል ገለበጡት።

ሐ. ሃይበርኔትና አይባቲስ

በ2001 ጋቪን ኪንግ የተባሉ አውስትራሊያዊ ፕሮግራመር ከኢንቲቲ ቢን የተሻለ መንገድ ለመፈለግ ሃይበርኔት የተባለውን ላይብረሪ ጀመሩ። የሃይበርኔት ሐሳብ፣ ኦብጀክቱ ተራ የጃቫ ኦብጀክት ሆኖ ይቆይ፤ የትኛው የኦብጀክት ክፍል ከየትኛው ዓምድ ጋር እንደሚዛመድ በአንድ ፋይል ይጻፍ፤ ኤስኪውኤሉን ላይብረሪው ራሱ ያዘጋጅ የሚል ነው። ፕሮግራሙ አንድ ኦብጀክት ከመረጃ ቋቱ አውጥቶ በውስጡ አንድ ነገር ቢለውጥ፣ ላይብረሪው የተለወጠውን ራሱ አስተውሎ ሥራው ሲዘጋ ወደ ሠንጠረዡ ይመልሰዋል። አስቀምጥ የሚል ትእዛዝ እንኳ አያስፈልገውም።

የአይባቲስ ታሪክ ሌላ ነው። በዚያው በ2001 ክሊንተን ቤጊን ይህን ስም ይዘው የጀመሩት ሥራ ስለ መረጃ ቋት ሳይሆን ስለ ምሥጢር ጽሕፈት ነበር። በዚያን ጊዜ ሰን የጃቫን መልካም አሠራር ለማሳየት «ፔት ስቶር» የሚባል፣ የቤት እንስሳት መሸጫ ሱቅ የሚመስል የምሳሌ ፕሮግራም ነበረው። ማይክሮሶፍት ያንኑ ሱቅ በራሱ በዶት ኔት ሠርቶ፣ የኔ አሥር እጥፍ ይፈጥናል፣ ኮዱም አራት እጥፍ ያንሳል ብሎ አስታወቀ። ቤጊን በ2002 «ጄፔትስቶር» የተባለ ሦስተኛ ሱቅ በጃቫ ሠርተው፣ ጉድለቱ የጃቫ ሳይሆን የአሠራሩ መሆኑን አሳዩ። የተመለከቱት ሰዎች ግን ከሱቁ ይልቅ በውስጡ ያለውን ከመረጃ ቋት ጋር የሚገናኝ ክፍል ወደዱት። አይባቲስ የመረጃ ቋት ላይብረሪ የሆነው እንዲህ ነው።

የአይባቲስ ሐሳብ ከሃይበርኔት በተቃራኒ የቆመ ነው። ኤስኪውኤሉን ሰው ይጻፈው፤ በፋይል ተቀምጦ ስም ይሰጠው፤ ላይብረሪው በጥያቄው ውስጥ ባዶ የተተወውን ይሙላ፣ የመጣውንም መልስ ወደ ኦብጀክት ይገልብጥ እንጂ ጥያቄ አይፍጠር ይላል።

ልዩነታቸውን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ፕሮግራም መቶ ተማሪዎችን ከነኮሌጃቸው ስም ሊያትም ይፈልጋል እንበል፤ ኮሌጆቹም የተለያዩ ይሁኑ። በሃይበርኔት ጸሐፊው ተማሪዎቹን ያስመጣል፤ ከዚያም እያንዳንዱን ተማሪ ኮሌጅህ ማን ነው ይለዋል። ኮዱ አጭርና ለዓይን የሚያምር ነው። ነገር ግን ላይብረሪው ኮሌጁን የሚያመጣው በተጠየቀ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ከታዘዘ፣ አንድ ጥያቄ ለተማሪዎቹ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ኮሌጅ አንዳንድ ጥያቄ ይልካል፤ ድምሩ 101 ይሆናል። አንዱ ጥያቄ ደርሶ ለመመለስ ከሰከንድ ሁለት ሺሕኛ ቢወስድ፣ በአንድ ጥያቄ ሊያልቅ የሚችለው ሥራ መቶ እጥፍ ያህል መንገድ ይመላለሳል። በሙከራ ጊዜ ተማሪዎቹ አምስት ስለሆኑ ማንም አያስተውለውም፤ ሥራው ላይ ውሎ ሺሕ ሲሆኑ ግን ይታያል። ባለሙያዎቹ ይህን በሽታ «ኤን ሲደመር አንድ» ይሉታል።

በአይባቲስ ይህ እንዲህ በቀላሉ አይደበቅም። ጸሐፊው ሁለቱን ሠንጠረዥ የሚያጣምር አንድ ጥያቄ በገዛ እጁ ይጽፋል፤ የጻፈውም ይታየዋል። ነገር ግን በተማሪዎቹ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ በተጨመረ ጊዜ፣ ይህን ሠንጠረዥ የሚጠቅሱ ጥያቄዎችን ሁሉ እየፈለጉ በእጅ ማረም ያስፈልጋል። አርባ ጥያቄ ካለ አርባው መታየት አለበት፤ አንዱ ቢረሳ ስሕተቱ የሚገኘው ያ ጥያቄ በተጠራ ዕለት ነው። በሃይበርኔት አብዛኛውን ጊዜ የሚታረመው አንድ ቦታ ነው።

የሃይበርኔት ደጋፊዎች የ101 ጥያቄው ጥፋት የላይብረሪው ሳይሆን የጸሐፊው ነው ይላሉ፤ ሁለቱን አጣምሮ ባንድ ጊዜ የሚያስመጣ ትእዛዝ በላይብረሪው ውስጥ አለና። ይህ እውነት ነው። ግን ትእዛዙን በቦታው ለመጠቀም ጸሐፊው የትኛው ጥያቄ መቼ እንደሚላክ ማወቅ አለበት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ኤስኪውኤልን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ሃይበርኔት ኤስኪውኤል ከመጻፍ ያሳርፋል እንጂ ኤስኪውኤል ከማወቅ አያሳርፍም። ሁለቱን ላይብረሪዎች በሚዛን ብናስቀምጣቸው፣ አንዱ ድካሙን በመጻፍ ላይ፣ ሌላው በመረዳት ላይ አስቀመጠው እንጂ ድካሙን ያጠፋው የለም።

በ2006 ጄፒኤ የተባለው አዲስ ደንብ ወጣ። ደንቡ በአብዛኛው ሃይበርኔትና እርሱን የመሰሉ ላይብረሪዎች በሥራ ያሳዩትን መንገድ የተከተለ ነበር፤ ጋቪን ኪንግም ከአዘጋጆቹ መካከል ነበሩ። እነሆ፣ ከላይ የታዘዘው ኢንቲቲ ቢን ቦታውን ለቀቀ፣ ከታች የተፈተነው ደንብ ሆነ።

መ. ስፕሪንግና ፒኮ ኮንቴነር

ስለ ማቀበል ከመናገራችን በፊት ነገሩን በአገር ምሳሌ እናስረዳ። ሸማኔ ጥጥ አይዘራም፤ አይፈትልምም። ባለቤቲቱ በእንዝርት የፈተለችውን ድርና ማግ ታመጣለታለች፤ እርሱ ይሸምናል። ፈትሉ ቀጭን ቢሆን ቀጭን፣ ወፍራም ቢሆን ወፍራም ልብስ ያወጣል፤ ሙያው ግን ያው ነው። ለማጅ ሸማኔ ሊፈተን ቢፈለግ የተበላሸ ፈትል ይሰጠዋል እንጂ መልካሙ አይባክንበትም። አሁን ደግሞ ፈትሉን ራሱ የሚፈትል፣ ለዚያውም ከአንድ ማሳ ጥጥ ብቻ የሚጠቀም ሸማኔ አለ እንበል። ይህን ሸማኔ ከማሳው ነጥሎ መፈተን ወይም ሌላ ፈትል ማሠራት አይቻልም።

በፕሮግራም ውስጥም እንዲሁ ነው። ውጤት የሚያሰላው ክፍል ከመረጃ ቋት የሚያወጣውን ክፍል ራሱ የሚፈጥር ከሆነ፣ ያለ እውነተኛ የመረጃ ቋት ሊፈተን አይችልም። ከውጭ የሚቀበል ከሆነ ግን በሙከራ ጊዜ የውሸት ሊሰጠው ይችላል። ማቀበል ማለት ይህ ብቻ ነው።

በ2002 ሮድ ጆንሰን የተባሉ፣ በሙዚቃ ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ ያላቸው አውስትራሊያዊ ፕሮግራመር ስለ ጃቫ የመሥሪያ ቤት ፕሮግራሞች አሠራር አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ የኢጄቢን ጉድለት ከመንቀፍ አልፈው፣ ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳይ 30,000 መሥመር ያህል ኮድ አብረው አቀረቡ። መጽሐፉ እንደወጣ ዩርገን ሆለርና ያን ካሮፍ የተባሉ ሁለት አንባቢዎች ኮዱ ክፍት ላይብረሪ እንዲሆን ጆንሰንን አግባቧቸው። ስፕሪንግ፣ ማለት ጸደይ፣ የሚለውን ስም ያወጡት ካሮፍ ናቸው፤ ከኢጄቢ ክረምት በኋላ የሚመጣ ለማለት ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ዕትም በመጋቢት 2004 ወጣ።

በስፕሪንግ መጀመሪያ ዘመን የማቀበሉ ዝርዝር የሚጻፈው በኤክስኤምኤል ፋይል ነበር፤ ይህ ክፍል ይህን ይቀበል እያለ ፋይሉ ይዘረዝራል፣ አቀባዩም ፋይሉን አንብቦ ያድላል። በተለምዶም ክፍሉ መጀመሪያ ባዶውን ይፈጠርና የሚያስፈልገው ነገር በኋላ አንድ በአንድ ይሰጠው ነበር። በ2003 የወጣው የፖል ሃማንትና የአስላክ ሄለሶይ ፒኮ ኮንቴነር ግን ይህን ተቃወመ። ክፍሉ በሚፈጠርበት ቅጽበት፣ በመፍጠሪያው በር፣ ማለት በኮንስትራክተሩ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይቀበል፤ ያልተሟላ ክፍል ከቶ አይፈጠር አለ። ላይብረሪው እንደ ስሙ ትንሽ ነበር፤ ክርክሩ ግን ትልቅ ነበር። በስፕሪንግ ልማድ አንድ ነገር ለመስጠት ቢረሳ፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ክፍሉ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ በፒኮ መንገድ ግን የጎደለው ክፍል አይወለድም።

እስከዚያ ድረስ ይህ አሠራር የተቆረጠ ስም አልነበረውም፤ ዓይነቶቹም አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባሉ በቁጥር ይጠሩ ነበር። በጥር 2004 ማርቲን ፋውለር የተባሉ እንግሊዛዊ ደራሲ ባወጡት ጽሑፍ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የሚለውን ስም አስለመዱ። ዓይነቶቹንም በመፍጠሪያው በር መቀበል፣ ከተፈጠሩ በኋላ መቀበልና በተለየ የውል ቅጽ መቀበል ብለው ለዩአቸው። ስም ማውጣት ቀላል ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ክርክሩ ወደ ስምምነት የሄደው ተከራካሪዎቹ ስለ አንድ ነገር እንደሚናገሩ ካወቁ በኋላ ነው።

ሠ. ጁስና የ2009 ስምምነት

በ2007 የጉጉል ኩባንያ ጁስ የተባለውን ላይብረሪ ለሕዝብ አወጣ፤ ዋናው ሠሪው ቦብ ሊ ነበሩ። ጁስ የስፕሪንግን የኤክስኤምኤል ፋይል ነቀፈ። በፋይሉ የሚጻፈው የክፍል ስም ተራ ቃል ስለሆነ፣ አንድ ፊደል ቢሳሳት የጃቫ ኮምፓይለር አያየውም። ስለዚህ ጁስ ዝርዝሩ በጃቫ ራሱ እንዲጻፍ፣ የሚቀበለውም ክፍል በር ላይ አኖቴሽን የሚባል ትንሽ ምልክት እንዲደረግ አደረገ። በዚያው ዓመት ስፕሪንግም በ2.5 ዕትሙ የራሱን ምልክት አወጣ።

የስፕሪንግ ሰዎች በጁስ ላይ ያነሡት ነቀፋ ግን ቀላል አልነበረም። ኤክስኤምኤል አስቸጋሪ ቢሆንም የፕሮግራሙን ክፍሎች ንጹሕ አድርጎ ይተዋል፤ ክፍሉ ስለ አቀባዩ ምንም አያውቅም። የጁስ ምልክት ያለበት ክፍል ግን የጁስን ስም ተሸክሞ ይኖራል፤ አቀባዩን ለመለወጥ የፈለገ ሰው የያንዳንዱን ክፍል ምልክት መፋቅ አለበት። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው።

መፍትሔው የተገኘው በ2009 ነው። ቦብ ሊና ሮድ ጆንሰን፣ ማለት የሁለቱ ተወዳዳሪዎች መሪዎች፣ ባንድነት አንድ አጭር ደንብ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ጸደቀ። ደንቡ የያዘው ስድስት ነገር ብቻ ነው፤ አምስት ምልክቶችና አንድ የውል ቅጽ። ምልክቱ የማንም አቀባይ ስለማይሆን፣ ክፍሉ ተቀባይ መሆኑን ይናገራል እንጂ ከማን እንደሚቀበል አይናገርም። አቀባዩ እንዴት ይሥራ የሚለውን ደንቡ ሆን ብሎ ተወው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚህ ስምምነት ተከታይ ነው። በ2012 ስኩዌር ኩባንያ ዳገር የተባለ ላይብረሪ አወጣ፤ በ2015 ጉጉል ሁለተኛውን ዳገር ሲያወጣ የማቀበሉ ሥራ ሁሉ ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት በኮምፓይለር ጊዜ የሚጠናቀቅ ሆነ። ስፕሪንግም በመፍጠሪያው በር መቀበልን የሚመክር ሆነ፤ በ2016 በወጣው በ4.3 ዕትሙ ክፍሉ አንድ መፍጠሪያ በር ብቻ ካለው ምልክት እንኳ አያስፈልገውም። ፒኮ ኮንቴነር ዛሬ በአዲስ ሥራ ላይ እምብዛም አይገኝም፤ የተከራከረለት ሐሳብ ግን በተወዳዳሪው ቤት አሸንፎ ይኖራል።

ረ. አንዱ ክርክር ለምን አለቀ፣ ሌላው ለምን ቀረ?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በኛ አስተያየት ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

1ኛ. የማቀበል ክርክር በአንድ ቋንቋ ውስጥ ያለ ክርክር ነው። ሰጪውም ተቀባዩም የጃቫ ኦብጀክት ናቸው። ልዩነቱ ዝርዝሩ የት ይጻፍ፣ መቼ ይመርመር በሚል አሠራር ላይ ነበር፤ ይህም በልምድ ሊቆረጥ ይችላል። የመረጃ ቋቱ ክርክር ግን በሁለት እውነተኛ ነገሮች መካከል ነው። ሠንጠረዥ በሠንጠረዥነቱ፣ ኦብጀክትም በኦብጀክትነቱ ትክክል ነው። በሁለት ቋንቋ መካከል ለሁሉ ጊዜ የሚበቃ አንድ ትርጉም እንደሌለ ሁሉ፣ እዚህም አንድ መልስ አይገኝም።

2ኛ. ማቀበል ያለ ላይብረሪም ሊሠራ ይችላል። አሥር ክፍል ያለው ፕሮግራም አቀባዩ ቢወሰድበት፣ ጸሐፊው አሥር መሥመር ጽፎ ክፍሎቹን በእጁ ሊያገናኝ ይችላል፤ ክፍሎቹ ራሳቸው አይነኩም። ሃይበርኔት ከተሠራበት ፕሮግራም ውስጥ ሃይበርኔትን ማውጣት ግን እንዲህ አይደለም። ለውጥን ራሱ አስተውሎ ማስቀመጡ፣ በተጠየቀ ጊዜ ብቻ ማምጣቱ፣ አንዱን ረድፍ በአንድ ሥራ ውስጥ አንድ ኦብጀክት ብቻ አድርጎ መያዙ በየኮዱ መሥመር የሚታሰብ ጠባይ ሆኗል፤ ጸሐፊው ሳያውቀው ተደግፎበታል። አይባቲስም ቢሆን ቢወጣ በመቶ የሚቆጠሩ ጥያቄዎች አዲስ ቤት ይፈልጋሉ።

3ኛ. ደንቦቹ ራሳቸው ይህን ይመሰክራሉ። የ2009 ደንብ በስድስት ነገር ተቃራኒዎቹን አስማማ። የ2006ቱ ጄፒኤ ብዙ ገጽ ተጽፎለትም፣ ጸሐፊው ሲቸግረው በገዛ እጁ ኤስኪውኤል የሚልክበትን በር ክፍት መተው ነበረበት። ያ በር የአይባቲስ ሐሳብ በተቃዋሚው ደንብ ውስጥ ያገኘው ቦታ ነው።

በዚህ ረገድ የስፕሪንግ አቋም ያስተምራል። ስፕሪንግ ገና ከመጀመሪያው ዕትሙ ጀምሮ ለሃይበርኔትም ለአይባቲስም ድጋፍ ነበረው፤ ጄዲቢሲን በቀጥታ ለሚጠቀምም መሥመር መክፈትና መዝጋቱን የሚሸከም ክፍል አዘጋጅቷል። በማቀበል ረገድ የራሱን አስተያየት አጥብቆ የያዘው ላይብረሪ፣ በመረጃ ቋት ረገድ አልፈርድም አለ። በዚያን ጊዜ ይህ ለብዙ ገበያ መመቸት ሊመስል ይችል ነበር፤ ዛሬ ስናየው ግን የሁለቱን ክርክሮች ባሕርይ ለይቶ ማወቅ ነበር።

ሰ. ስለ ስምና ስለ ባለቤት

ክፍት ላይብረሪ የማንም አይደለም የሚል አስተሳሰብ አለ፤ ታሪኩ ግን ይህን አያሳይም። ጋቪን ኪንግ በ2003 በጄቦስ ኩባንያ ተቀጠሩ፤ ጄቦስን በ2006 ሬድ ሃት ገዛው። የስፕሪንግን ሠሪዎች ኩባንያ በ2009 ቪኤምዌር በ420 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ ለመግዛት ተስማማ፤ ቪኤምዌር ራሱ በ2023 በብሮድኮም ተገዛ። ኮዱ ክፍት እንደሆነ ቢኖርም፣ ደመወዝ የሚከፍለውና መንገዱን የሚመራው ተለዋውጧል።

ክፍትነት ምን እንደሚጠብቅና ምን እንደማይጠብቅ በግልጽ የሚያሳየው የአይባቲስ ዕጣ ነው። ቤጊን ስሙንና ኮዱን ለአፓቺ ድርጅት ሰጥተው ነበር። በግንቦት 2010 ሠሪዎቹ ሥራቸውን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩ ወሰኑ። ኮዱን ፈቃዱ ስለሚፈቅድ ይዘው ሄዱ፤ ስሙ ግን የአፓቺ ስለሆነ ቀረ። ስለዚህ ላይብረሪው ማይባቲስ ተባለ፤ አይባቲስም በዚያው ዓመት በአፓቺ ዘንድ ጡረታ ወጣ።

ያው ነገር በትልቅ መጠን ተደገመ። ኦራክል በ2010 ሰንን ከጠቀለለ በኋላ፣ በ2017 የጃቫን የመሥሪያ ቤት ደንቦች ወደ ኢክሊፕስ ድርጅት ለማዛወር ወሰነ፤ የጃቫን ስም ግን አልሰጠም። ከዚህም የተነሣ በ2020 በወጣው የጃካርታ ዕትም፣ ደንቦቹ በሚጠሩበት ስም ውስጥ «ጃቫክስ» የሚለው «ጃካርታ» ተብሎ ተለወጠ። ሃይበርኔትና ስፕሪንግ በ2022 ባወጡት 6ኛ ዕትማቸው አዲሱን ስም ተከተሉ። ሥራው አልተለወጠም፤ ነገር ግን አሮጌውን ስም የጠቀሰ እያንዳንዱ ፋይል መታረም ነበረበት። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች አንድም አዲስ ጥቅም ለማይሰጥ ለውጥ ወራት አወጡ። እንግዲህ በክፍት ሶፍትዌር ዘንድ ኮድ ከሠሪው ጋር ይሄዳል፤ ስም ከባለቤቱ ጋር ይቀራል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ለምርጫ ይረዳል ብለን እናምናለን። አቀባይ መምረጥ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ክፍሎቹ በመፍጠሪያው በር የሚቀበሉ ሆነው ከተጻፉ፣ አቀባዩ ስፕሪንግ ቢሆን ጁስ ቢሆን በኋላ ሊለወጥ ይችላል፤ ክርክሩ ያለቀ ስለሆነ ምርጫውም ቀላል ሆኗል። ከመረጃ ቋት ጋር የሚያገናኘውን ላይብረሪ መምረጥ ግን ለዘለቄታው መታሰር ስለሆነ ጊዜ ይገባዋል። መዝገቡ አዲስ የሚሠራና ፕሮግራሙ ኦብጀክት እያወጣ እያረመ የሚመልስ ከሆነ ሃይበርኔት ድካም ይቀንሳል። ሠንጠረዦቹ ከድሮ የተወረሱ፣ ጥያቄዎቹም ብዙ ሠንጠረዥ የሚያጣምሩና የሚደምሩ ከሆነ ማይባቲስ ይሻላል። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱን በየቦታቸው መጠቀምም ነውር አይደለም።

በሁለቱም መንገድ ግን ኤስኪውኤልን ሳያውቁ መሄድ አይቻልም። ሃይበርኔትን የመረጠ ሰው ላይብረሪው የሚልከውን ጥያቄ እንዲያሳየው አዝዞ፣ ከመቶ ተማሪ በላይ በሆነ መረጃ ሞክሮ፣ የጥያቄውን ቁጥር ይቍጠር። አይባቲስ የወለደውን ማይባቲስን የመረጠም አንድ ዓምድ ሲጨመር ስንት ጥያቄ እንደሚነካ አስቀድሞ ይመርምር። ይህን ያላደረገ ሰው የተወው ሥራ፣ እርሱ ከመሥሪያ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ መዝገቡ ሲሞላና ወረፋው ሲረዝም፣ ስሙን እንኳ በማያውቀው ተተኪ ላይ ይወድቃል።